አውሬዎቹ የልጆች ሰዓት እስኪገቡ

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ እንስሳ አፉን ዘግቶ አያውቅም። «እኔ ከሞትኩ ሠርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ጅብ ነው። ሰው በራሱ ስም ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር ከመጨረሻው ላይ «አለች አህያ» የምትል ቅጥያ ያስርበትና ይገላገላል። ተጠያቂ ከተፈለገ አህያዋ በረት ውስጥ አለች፤ ሄዳችሁ እሷን ጠይቁ።

ያደግሁት ዓለም ጤና ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ቆቃን አልፈው መቂ ሳይደርሱ የምትገኝ የቦራ ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ እንስሳት በሁለት ቋንቋ ይናገሩ ነበር። እናቴ ጅቡን በአማርኛ ታናግረዋለች፤ «አኮ» የምንላት አያቴ ደግሞ ያንኑ ጅብ «ወራቤሳ»፣ አህያውን «ሃሬ» እያለች በአፋን ኦሮሞ ታመጣዋለች። ጅቡ በሁለቱም ቋንቋ ሆዳም ነው፤ በሁለቱም ይታለላል። ያኔ ልብ ያላልኩት ነገር አኮ ተረቷን የምትነግረው ለእኛ ለልጆቹ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ስለ መሬትና ስለ ቀበሌ ሊቀመንበር ወሬ ሲነሣ ወራቤሳው ሳይጠራ ብቅ ይላል። አዋቂዎቹም ከእኛ አስበልጠው ይስቃሉ።

አሜሪካኖች ስለሚናገር ፈረስና ስለሚያሽሟጥጡ እንስሳት የሠሯቸው የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች ዛሬ ሲወሩ እንደ አንድ ዘመን ቧልት ተቆጥረው ነው። ቧልት መሆናቸው እውነት ነው። የእኛ የሚናገሩ እንስሳት ግን ታሪካቸው የሚጀምረው በቧልት አይደለም፤ ከቤተ መንግሥት ጋር በመጣላት ነው።

ጊዜው በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ በአዳማ በኩል አቋርጦ አዲስ አበባ ከገባ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው፣ እዚያ በመድፈኛ መኮንንነት ሠልጥነው፣ ፈረንሳይና እንግሊዝንም ቀምሰው የተመለሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በአዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ «ቴአትር ነው» ተብለው ሲጋበዙ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው። በአውሮፓ ያዩት ቴአትር እንዲህ አልነበረም። ተበሳጩና እስቲ ቴአትር ማለት ይህ ነው ብለው ራሳቸው ጻፉ። ርዕሱን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» አሉት። የፈረንሳዩን የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው በአማርኛ ያዘጋጁት ይህ ሥራ ቴራስ በሚባለው ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ ቴአትር ስለ ጀግና አይደለም፤ ስለ ቅዱስም፣ ስለ ንጉሥም አይደለም። እንደ ሰው የሚናገሩ አውሬዎች የሚፈራረዱበት፣ ጉልበተኛው ደካማውን የሚበላበት፣ ደላዩ የሚሾምበት ኮሜዲ ነው። ላፎንቴን ከጻፈ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ተረቶቹንም ፈረንሳይ ውስጥ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል። እዚያ የለመዱት ተረት ቴራስ ሆቴል ወንበር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች ግን ትኩስ ነበር፤ ማን ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። ተክለ ሐዋርያት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ባለሥልጣኑን በስሙ ጠርቶ መምታት ስለማይቻል በዳውላው፣ በአውሬዎቹ ጀርባ መቱት። ችግሩ ዱላው ዳውላውን አልፎ ሥጋ ላይ አረፈ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ቴአትሩን አገዱት። ቴአትር የሚባለው ነገርም ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው እስኪነግሡና እነ ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤ እስኪነሡ ድረስ ድምፁ ጠፋ። ሲመለስም አውሬ ይዞ አልተመለሰም፤ አገርና ዘውድ ይዞ ነው። ተክለ ሐዋርያት ራሳቸውም ከጊዜ በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ ጣልያን ሲወረን ደግሞ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ቆመው ተናገሩ። ተኩላና በግ ያነጋገረ ብዕር ሕገ መንግሥት ሲጽፍ በሌላ አገር ታሪክ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል ብዬ አላስብም።

ከዚያ እገዳ በኋላ እንስሳቱ የሄዱበትን ቦታ ስከተል የደረስኩት የተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን አወጡ፤ የእንስሳት ተረቶቹ በግጥም ተሰድረው የተማሪ ንባብ ሆኑ። ከእኔ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የዓለም ጤና ሰው ዛሬም ከመጽሐፉ ስንኝ ሲወርድለት ይሰማል። ተረቱ ውበት እንጂ ውርደት አልደረሰበትም፤ ግን አድራሻው ተቀየረ። የመኳንንቱን ፊት ያስቆጣው አውሬ አሁን ፊደል ለቆጠረ ልጅ ግብረ ገብ ያስተምራል። በእኔ እምነት የሚናገር እንስሳ በኢትዮጵያ «የልጅ ነገር» የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እንስሳው ለልጅ ብቻ እንዲናገር የፈረደ ሕግ አልወጣም፤ ለአዋቂ ሲናገር የደረሰበትን ሁሉም ስላየ በቂ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ከዓለም ጤና በስተሰሜን፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ገንዘቡ ከጣልያን የጦር ካሣ የመጣ፣ ኃይሉ 43 ሜጋዋት ገደማ የሆነ ማመንጫ ነው። በዚያ ዘመን ለአገሪቱ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ግድቡ ሐይቁን ለእኛ ሰፈር ሰጠና የመብራት ምሰሶዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ሲጀምር፣ ዋና ከተማዋን ከሚያበሩት ዋናው የኃይል ምንጭ ቆቃ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥቁርና ነጭ ምስል ያበራው የእኛው ውኃ ነው ብል አላጋነንኩም፤ እኛ ግን ያንን ምስል እስክናይ ብዙ ጠበቅን።

በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈረስ ይናገር ነበር። «ሚስተር ኤድ» የተባለው ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በጥር 1961 በየጣቢያው እየተሸጠ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሲቢኤስ የተባለው ትልቅ ጣቢያ ወሰደውና እስከ 1966 ድረስ አስኬደው። በድምሩ 143 ክፍሎች ነበሩት። ዊልበር ፖስት የሚባል ሰው ከከተማ ዳር ቤት ይገዛል፤ በጋጣው ውስጥ ፈረስ ተቀምጧል፤ ፈረሱ ይናገራል። ግን የሚናገረው ለዊልበር ብቻ ነው። ሚስቱም ጎረቤቱም ሲገቡ ዝም ይላል። ሳቁ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰውየው ሁልጊዜ ሲያስረዳ፣ ሰው ሁልጊዜ ሲጠረጥረው። የፈረሱን ድምፅ የሰጠው አላን ሌን የተባለ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነው፤ በሥራው ግን ስሙ አልተጻፈም። ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብቶ ነው የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። ዊልበርን የተጫወተው አላን ያንግ ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ ኋላ ላይ ሲናዘዝ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ላይ በከንፈሩ ሥር ክር ያስገቡለት ነበር፤ ቆይቶ ፈረሱ ራሱ ሰኮናውን ሲነኩት ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ለመደ።

ከኤድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 መስከረም ጀምሮ ኤቢሲ «ፍሊንትስቶንስ»ን እያሳየ ነበር፤ በምሽቱ ዋና ሰዓት ለመላው ቤተሰብ የቀረበ የመጀመሪያው የካርቱን ኮሜዲ ነው። በድንጋይ ዘመን ዝሆን የገላ መታጠቢያ፣ የወፍ መንቆር የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ሆኖ ይሠራል። እንስሳው ሥራውን ትቶ ወደ ተመልካቹ ዞር ይልና «ምን ይደረግ፣ እንጀራ ነው» የሚል ዓይነት ነገር ጣል ያደርጋል። ይህን ሳይ የእኛን አህያ አስታውሳለሁ። ተሸካሚው የጌታውን ቤት አይቶ የሚናገርበት ቀልድ የትም አገር አለ፤ እዚያ ግን ከሳሙናና ከሲጋራ ማስታወቂያ መሐል ገብቶ ያድራል። አሜሪካኖቹ ፈረሱን ያናገሩት ሰው እንዲቀመጥና ማስታወቂያውን እንዲያይ ነው። ማንም አላገዳቸውም፤ የሚያግድ ነገር አልተናገረምና።

የእኛ ቴሌቪዥን በተከፈተበት ዓመት ለልጆች ሰዓት የተመረጡት ሰው ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ፤ አገር የሚያውቃቸው በአባባ ተስፋዬ ነው። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተወለዱ፣ ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ ናቸው። ወደ ኮርያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች ጋር ሄደውም ወታደሩን አዝናንተዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ ያየ ሰው ኋላ ላይ የሆነው ነገር አይገርመውም፤ ሴት መሆን የቻለ ድምፅ፣ ጦር ሜዳ ላይ ሰው ያሳቀ ድምፅ፣ ጅብ መሆን አያቅተውም። አሜሪካ ለአንድ ፈረስ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ድምፅ ሰጪ፣ አንድ የካሜራ ቡድን አቁማለች። እኛ ዘንድ አንበሳውም፣ ጦጣውም፣ አህያውም፣ ተራኪውም አንድ ሽማግሌ ናቸው።

በ1980ዎቹ ዓለም ጤና ላይ ቴሌቪዥን ያየሁት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ከአዳማ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ቴሌቪዥን ነበር፤ አዳማን እኛ አሁንም ናዝሬት ነው የምንለው። ባለቤቱ ሻይ ያላዘዘ ልጅ ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ነገር ግን አባባ ተስፋዬ ሲመጡ ደንቡ ይላላና መስኮቱና በሩ በልጅ ጭንቅላት ይደፈናል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ለእኛ ብቻ የሚናገሩ ይመስለን ነበር። ቀለም በቴሌቪዥን የገባው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ቢሆንም የሻይ ቤቱ ስክሪን ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ለጅብ ደግሞ ቀለም አያስፈልግም። ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ትከሻቸው ይጎብጣል። ጦጣዋ ስትመጣ ዓይናቸው ይጠባል። ምንም ልብስ ሳይቀይሩ አምስት አውሬ ያሳዩናል።

ከእኛ በስተጀርባ፣ ከሻይ ቤቱ ውጭ፣ ጋሪ የሚጎትቱ እውነተኛ አህዮች ውኃ በጀሪካን ተሸክመው ይቆማሉ። አንዳንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ላይ አንዷ ታናፋና ሻይ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። አባባ ተስፋዬ ያንን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ለ42 ዓመታት ያህል፣ በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን እስከ 1998 ዓ.ም. በዚያ ሰዓት ቆዩ። ያኛው ሥርዓት ሲወድቅ፣ ይኼኛው ሲመጣ፣ የዜና አንባቢው ቃላት ሲቀየሩ፣ ጅቡ አልተቀየረም። አንድ ሰው ሦስት መንግሥት ያህል በአንድ ጣቢያ የቆየው ተረት ተራኪ ስለነበረ ይመስለኛል፤ የልጆች ሰዓት የማይነካ ደሴት ነበር። ለዚህ ሰላም የተከፈለውን ዋጋም መናገር ይገባል። ተስፋዬ ሣህሉ ትልቅ የቴአትር ሰው ነበሩ። ያ ሁሉ ችሎታ ያለው ድምፅ ከልጆች ሰዓት ወጥቶ ለአዋቂዎች ጅብ ቢሆን ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግተኝም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው በእሳቸው ተረት አድጎ አዋቂ የሆነው ትውልድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንስሳውን ለአዋቂዎች መልሶ ለማናገር የተደረገው ሙከራ ብዙ ጊዜ ከሰረ። «ሲምፕሰንስ» የተባለው የካርቱን ቤተሰብ ገበያውን ስለከፈተ ሌሎቹ ጣቢያዎች ተሻሙ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤቢሲ በዋሽንግተን በሚኖሩ አይጦች ላይ «ካፒቶል ክሪተርስ»ን፣ ሲቢኤስ በዓሣ መርማሪዎች ላይ «ፊሽ ፖሊስ»ን አቀረቡ። የዓሦቹ ተከታታይ ከተዘጋጁት ስድስት ክፍሎች ሦስቱ ብቻ ታይተው ተነሣ። ከዚያ ሁሉ ደግሞ የሚብሰው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 ኤንቢሲ የጀመረው «ፋዘር ኦቭ ዘ ፕራይድ» ነው። በላስ ቬጋስ የሚኖሩ አንበሶች፣ ጌቶቻቸውም ዚግፍሪድና ሮይ የተባሉ እውነተኛ የአውሬ ትርዒት አቅራቢዎች። ኮሜዲው ገና በዝግጅት ላይ ሳለ፣ ከዓመት በፊት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2003 ሮይ በመድረክ ላይ በራሱ ነብር ክፉኛ ተነክሶ ነበር። ለአንድ ክፍል ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከዚያም በላይ ይወጣበታል ሲባል የነበረው ሥራ ዓመት ሳይሞላው ቀረ። እውነተኛው ነብር ሲነክስ፣ በኮምፒዩተር የተሠራው አንበሳ ስለ ጋብቻ ችግር ሲቀልድ ማን ይስቃል?

ያ በሆነ በሁለት ዓመቱ፣ በ1999 ዓ.ም. መስከረም፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቀጭኔ በቴሌቪዥን ቀረበች።  ስሟ ፀሐይ ነው፤ ዕድሜዋ ስድስት፤ ፕሮግራሙ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ይባላል። ያመጣቻት ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ክፍሏ ውስጥ ከምታስተምራቸው ልጆች በላይ ያሉትን ልጆች ለመድረስ ብላ ከአሜሪካዊው ባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የሚባል ድርጅት አቋቋመች። መጀመሪያ የሚሠሩት ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነበር። አሻንጉሊቶቹ በእጅ የተሰፉ ናቸው፤ የቀጭኔዋ ድምፅ ራሷ ብሩክታዊት ናት። ለላስ ቬጋሶቹ አንበሶች አንድ ክፍል የወጣው ገንዘብ ለፀሐይ ስንት ዓመት ይበቃት እንደነበር ማስላቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ቀጭኔዋን ከተረት ሰዓት ወደ ኮሜዲ የሚያቀርባት አንድ ነገር አለ፤ ፀሐይ ቤተሰብ አላት። እንደ አባባ ተስፋዬ ጅብ «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ መጥቶ የሚጠፋ አይደለችም። በየሳምንቱ ያው ቤት፣ ያው ወላጅ፣ ያው ጓደኛ ነው። የሆነ ነገር ይበላሻል፣ ቀጭኔዋ ትጨነቃለች፣ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ነገሩ ይስተካከላል። ይህ የቤተሰብ ኮሜዲ አጥንት ነው፤ «ሚስተር ኤድ»ም፣ በኋላ እኛ ዘንድ የመጣው ተከታታይ ኮሜዲ «ቤቶች»ም የቆሙበት። ልዩነቱ በፀሐይ ቤት መጨረሻ ላይ እጅ መታጠብ፣ ፊደል መቁጠር፣ ለጓደኛ ማካፈል ይቀራል።

ለምን ቀጭኔ? ዓለም ጤና ላይ ቀጭኔ ያየ ሰው የለም፤ በአገራችን ያለችው ወደ ኦሞና ወደ ጋምቤላ ቆላ ነው። አንዳንዱ «የማናውቀው እንስሳ ለምን?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ብልህ ምርጫ ይመስለኛል። ጅብ ብታመጣ ሆዳምነቱ ቀድሞት ይገባል፤ አህያ ብታመጣ ስድቡ ተከትሏት ይመጣል፤ ጦጣ ተንኮለኛ፣ አንበሳ ደግሞ ንጉሥ ነው፣ ከዘውድና ከማኅተም ጋር። ተረት ያላረፈባት እንስሳ ቀጭኔ ናት። አዲስ ልጅ ለመሆን የሚችል ባዶ ገጽ አላት።

ሆኖም ቅሬታዬንም አልደብቅም። ፀሐይ እጅግ ጨዋ ናት። የአኮ ወራቤሳ የሰው በግ ይሰርቃል፣ ይዋሻል፣ ተይዞም ያመልጣል፤ እኛም ለእሱ እናዝን ነበር። ፀሐይ አትሰርቅም። አንድ ቀን ትንሽ ብትዋሽና ባይታወቅባት ደስ ይለኛል። ከ«ፋቡላ» ተኩላ ጀምሮ በዘር የወረደው ጥርስ በእሷ ላይ አልበቀለም፤ ቀጭኔ ቅጠል በሊታ ናት፣ ምን ይደረግ።

ዓለም ግን ወደዳት። እ.ኤ.አ. በ2008 በሙኒክ በሚካሄደው የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር፣ ፕሪ ዠነስ፣ ተሸለመች። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ታካላኒ ሰሳሚ» እ.ኤ.አ. በ2002 ካሚ የተባለች፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት አሻንጉሊት አቅርቦ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። በዚሁ አህጉር ላይ ትልቅ ነገር ለመናገር አሻንጉሊት እየተመረጠ ነበር ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ለልጆች ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 «ኤክስዋይዜድ ሾው»ን ጀምራ ፖለቲከኞቿን በአሻንጉሊት መልክ ለአዋቂዎች አቀረበች።

በእኛ ቴሌቪዥን ለአዋቂዎች የመጡት ተከታታይ ኮሜዲዎች እስከማውቀው ሁሉም በሰው ነው የተሠሩት። የቤት ባለቤትና ሠራተኛ፣ ባልና ሚስት፣ ጎረቤት። ለ«ፋቡላ» ቅርብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 በፋና ቴሌቪዥን የጀመረው «ምን ልታዘዝ» ነው። ተኩላና በግ ሳይሆን አንድ ካፌ መርጦ፣ ካፌውን አገር አድርጎ፣ በአስተናጋጆቹና በደንበኞቹ በኩል የዘመኑን ሹማምንት አሽሟጠጠ። ሰው ሁሉ ማን ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ልክ እንደ ቴራስ ሆቴል። ካፌው ዳውላው ነበር። ስመለከተው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኝ ነበር፤ አስተናጋጁ ቀጭኔ ቢሆን፣ ሒሳብ ተቀባዩ ጅብ ቢሆን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተቋረጠው ነገር ይቀጠል ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዓለም ጤና ልጆችም ቤት ቀሩ። ያኔ ቴሌቪዥኑ ሻይ ቤት ብቻ ያለ ነገር አልነበረም፤ የሳተላይት ሳህኖች በየጣሪያው ላይ ነበሩ፤ መቀመጫውን አዳማ ያደረገው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክም በአፋን ኦሮሞ በየቤቱ ይገባ ነበር። ፀሐይም በዚያ መሐል አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተናጋሪ ሆናለች። አኮ በሕይወት ብትኖር አንዲት ረጅም አንገት ያላት እንስሳ በራሷ ቋንቋ «እጃችሁን ታጠቡ» ስትል ሰምታ ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ፤ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ነው የምትለው፤ ከዚያ ወራቤሳውን ታመጣለች።

ባለፈው ዓመት ለበዓል ቤት ስሄድ የእህቴ ልጅ በር ላይ የቆመችውን የጋሪ አህያ ጆሮ በእጆቿ ሸፍና የሆነ ነገር ስትነግራት አየኋት። አህያዋ ጆሮዋን ወዲያና ወዲህ አለች። ልጅቷ ጆሮዋን ወደ አህያዋ አፍ አስጠጋች፣ ቆየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ለሰው አትንገሪ ብላኛለች፣ ጋሼ።»